ከሰው ቤት የመጣ አልጋ፦ ስለ ይፋት ቆላ ቤትና ዕቃው

ሳሎኑና መመገቢያው ሳይለያዩ አንድ ሰፊ ክፍል ሆነው፣ ውስጡ ደግሞ ከየቦታው ተለቅሞ በመጣ ያገለገለ ዕቃ ሲሞላ፣ አሁን አሁን ነገሩ የከተሜ ዘመናይነት ወይም የኑሮ ውድነት የወለደው መላ ተደርጎ ይወራል። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ግን ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ያልተከፋፈለው ቤትና የሰው እጅ ያለፈበት ዕቃ የጥንት ናቸው፤ እንግዳው ከሶፋ እስከ ቡፌ ቀለሙ ገጥሞ፣ በአንድ ቀን በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው «ሙሉ ዕቃ» ነው። ይህን የምለው ድሮ ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። የምከራከርለት ጠበብ ያለ ነገር ነው፦ በይፋት ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው ሰው ስለቸገረው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ተፈትቶ የሚጠገን፣ ተነስቶ የሚሄድ ስለነበረ ነው። ዛሬ ሳሎኑን ባገለገለ ዕቃ ላድስ የሚል ሰው የሚሳካለት ወይም የሚከሽፍበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የይፋት ገጠር ቤት፣ ክቡም ሆነ ባለ አራት ማዕዘኑ፣ በመሠረቱ አንድ ክፍል ነው። እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ቤተሰቡ የሚበላበት፣ ማታ የሚተኙበት ያው አንዱ ነው። ይህ ማለት ግን ቤቱ ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም፤ የሚከፋፍለው ግድግዳ ሳይሆን ዕቃው ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ በጭቃ የተሠራው መደብ የእንግዳና የአባወራ ቦታ ነው፤ ቀን መቀመጫ ይሆናል፣ ማታ ቁርበት ወይም ሰሌን ተነጥፎበት መኝታ ይሆናል። ከወደ ኋላ በጭቃና በጭድ የተሠራው ጎታ እህል ይይዛል፤ በቁመቱ ደግሞ ጓዳውን ከእንግዳ ዐይን ይሰውራል። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሳሎን መሐል ቡፌ አዙሮ አቁሞ መቀመጫውን ከምግብ ጠረጴዛው የሚለይ ሰው የሚያደርገው፣ ጎታው ያደርግ የነበረውን ነው። ልዩነቱ ጎታው ውስጥ ማሽላ መኖሩ፣ ቡፌው ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ መደርደሩ ነው።

እዚህ ላይ የቤቱ የሆነውንና የሰው የሆነውን መለየት ያስፈልጋል። መደብ የቤቱ ነው፤ ከቤቱ ጋር ይሠራል፣ ከቤቱ ጋር ይፈርሳል፤ አይሸጥም፣ አይወረስም። የሚሄደው አልጋው፣ በርጩማው፣ መሶቡ፣ ገበቴው፣ ሙቀጫው ነው። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከወላጆቹ ቤት ተቆንጥሮ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ ጎጆ አዲስ ጣራና አዲስ መደብ ይኑረው እንጂ ውስጡ ያለው ዕቃ ቢያንስ በከፊሉ ሌላ ቤት ያገለገለ ነበር። ያገለገለ ዕቃን ወደ ቤት ማስገባት ከገበያ በፊት በዝምድና የተለመደ ነገር ነው ማለት ነው፤ ነውርነቱ የመጣው በኋላ ነው።

የጠፍር አልጋን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ያስረዳል። አራት እግርና አራት አግዳሚ ነው፤ እንጨቱ በምስማር ሳይሆን በተፈለፈለ ቀዳዳ እርስ በርሱ ይጋጠማል። የበሬ ቆዳ ጠጉሩ ተፍቆ፣ ከዳር ወደ መሐል እየተዞረ፣ ሳይበጠስ በረጅሙ ይተለተላል። ይህ ጠፍር ገና እርጥብ ሳለ ባግዳሚዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጠላለፋል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይወጠራል። ከዓመታት በኋላ ሲረግብ ውሃ አርሶት እንደገና ይጠበቃል፤ ሲበጠስ ጠፍሩ ብቻ ይለወጣል። አንዱን እግር ምስጥ ከበላው ያው አንድ እግር ይለወጣል፤ በቆላ ምስጥ ቀልድ አይደለምና ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አልጋው ለአየሩም የተመቸ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ጠፍሩ ከሥር አየር ያሳልፋል፣ ሙቀቱ በከፋ ሌሊት ደግሞ ሁለት ሰው ብድግ አድርጎ ደጅ ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ አርጅቷል የሚባልበትን ቀን መቁረጥ ይከብዳል፤ ክፍሎቹ በተለያየ ጊዜ የተተኩ ስለሆኑ ዕድሜው የአንድ ሰው ባለቤትነት ውስጥ አይወሰንም።

ይፋት ለዚህ ሁሉ ከዓለም የተቆረጠ አገር አልነበረም። በ13ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የተነሣው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ከዘይላ ወደ መሐል አገር የሚያስገባውን የንግድ መንገድ የያዘ ኃይል ነበር፤ አፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመቱበትም አንዱ ምክንያት ያ መንገድ ነው። አል ዑመሪ የተባለው የደማስቆ ጸሐፊ በ14ኛው መቶ ዓመት ይፋት ውስጥ የግብፅ ዲናርና ድርሃም እንደሚሠራበት ጽፏል። የኖራ፣ የአስበሪና የመሳል ፍርስራሾች፣ በተለይም በከፊል እስካሁን የቆመው የኖራ መስጊድ፣ በድንጋይ የገነባ የከተማ ሕዝብ እንደነበረ ይመሰክራሉ። እንግዲህ ገንዘብም ንግድም ነበር። ያም ሆኖ የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ከይፋት ተማረከ ብሎ የሚያወሳው ወርቅ፣ ብርና የከበረ ልብስ ነው። ሀብት ማለት ተጠቅልሎ የሚጫን ነገር ነበር፤ ይህ የሆነው ደግሞ በሰዉ ምርጫ ብቻ አይደለም፣ በመንገዱም ጠባይ ነው።

የመንገዱ ጠባይ ምን እንደነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ከታጁራ የሚነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይፋት ቆላ ጫፍ ላይ ፋሬ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት ግመል አይወጣውም። ጭነቱ ተፈትቶ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ አንኮበር ይወጣል። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ፣ አርጎባውና ሐረሬው ነጋዴ የሚውሉባት ገበያ፣ የኖረችው በዚህ ልውውጥ ነው፦ ከታች አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ፣ ከላይ እህልና ቡና፣ የሚያሳዝነውም የባሪያ ንግድ። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያመጣው እጅ መንሻ በዚሁ መንገድ ነው የወጣው። ጠመንጃ፣ መድፍ፣ የካሽሚር ሻልና አዳራሹን ያለበሰ ምንጣፍ ነበረበት። ከዝርዝሩ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ጌጥ የሚነጠፍ፣ የሚጠቀለል ወይም የሚፈታ መሆን ነበረበት። በግመል ጎንና ጎን ተመዛዝኖ የማይጫን ቁም ሣጥን አንኮበር ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ቤቱን የሚሞላው እንጨት ካገሩ ዛፍ ባገሩ እጅ የተሠራ ነበር፤ ሠሪው ጥቂት፣ ዛፉም ባንድ ሌሊት የማይበቅል ስለነበረ አንዴ የተሠራ አልጋ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር።

«ይህ ሁሉ የድህነት ታሪክ ነው፤ ሰው ሌላ ስላጣ ያረጀ ተጠቀመ እንጂ ወድዶ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው ባዶ አይደለም። አብዛኛው ገበሬ የነበረው ዕቃ በጣት የሚቆጠር እንደነበረ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ድህነት የዕቃውን ማነስ ያስረዳል እንጂ፣ ባለጸጋውም ተመሳሳይ ልማድ የነበረው ለምን እንደሆነ አያስረዳም። በቤተ መንግሥት የሚሸለም ካባ ወይም ለምድ ንጉሡ ራሱ የለበሰው ሲሆን ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ነበር። ለንጉሡ የመጣው እጅ መንሻ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ደግሞ ለባለሟልና ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ዕቃ በማን እጅ እንዳለፈ መታወቁ ዋጋው ውስጥ ይገባ ነበር። የዛሬው ገዢ «ማን ቤት ነበር?» ሲል የሚጠይቀው ትኋን ፈርቶ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ስለ ክብር ነበር። ከዚህ ይልቅ ጠንካራ የሚመስለኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የአልዩ አምባ መንገድ ነፍሱ ወጣች። ይፋትን እንደገና ከዓለም ጋር ያገናኛት ጣሊያን ነው፤ በጣርማ በር ተራራውን በስቶ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ዘረጋ። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የዚህ መንገድ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለቤት ዕቃ ታሪክ የመንገዱ ትርጉም ቀላል ነው፦ ግመል የማይሸከመውን ካሚዮን ይሸከማል። ቁም ሣጥን፣ ኮመዲኖ፣ ባለ መስታወት ቡፌ፣ የሽቦ አልጋ ከጣርማ በር ቁልቁል መውረድ የቻሉት ከዚህ በኋላ ነው። የሽቦ አልጋው በተለይ በቆላ መወደዱ አያስገርምም። ምስጥ አይበላውም፣ ተፈትቶ ይጫናል፣ ሽቦው ሲላላ ይጠበቃል፤ ማለትም ብረት ይሁን እንጂ የጠፍር አልጋ ጠባይ ነበረው።

ግን መንገዱ ዕቃ ማምጣቱ ብቻ የከተማዋን ሳሎን አይሞላም፤ የሞላው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ማረሚያ ቤት፣ የትምባሆ እርሻ፣ ጤና ጣቢያ ሁሉም ከሌላ አገር የመጣ ሠራተኛ ያመጣሉ፤ ሠራተኛው ደግሞ ይዛወራል። ወደ ጎጃም ወይም ወደ ባሌ የተዛወረ መምህር ቁም ሣጥኑን ከነጓዙ ለማጓጓዝ የሚከፍለው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ይሸጣል፤ ለተተካው ባልደረባ ወይም ለጎረቤት። በመብራት ምሰሶ ላይ ተለጥፎ የሚታየው «በዝውውር ምክንያት የሚሸጥ የቤት ዕቃ» የሚለው ማስታወቂያ የትንንሽ ከተሞችን ሳሎን ያደራጀ ጽሑፍ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ቸል ይሉታል እንጂ ከብዙ መዝገብ ይበልጥ ይናገራል። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ ምናለሽ ተራ፣ ሐራጅ ቤትና መንደር ለመንደር የሚዞረው ቆራሌው ይሠሩታል። በሸዋ ሮቢት ግን ገዢና ሻጭ ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ጠረጴዛው ማን ቤት እንደነበረ፣ እግሩን ማን እንደጠገነው ይታወቃል።

ወባም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው ቢባል ይገርም ይሆናል። ደገኛው ለዘመናት ቆላውን የሚያውቀው ቀን ወርዶ፣ አርሶ ወይም አጭዶ፣ ሳይመሽ የሚሸሸው አገር አድርጎ ነው። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፋት አገልግሎት ከተቋቋመ በኋላ የቤት ለቤት ርጭት ተለመደ። ርጭት ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ከባዱም መሐል ላይ ተከምሮ ይሸፈናል፤ ግድግዳው ባዶ መሆን አለበት። በየወቅቱ ዕቃውን ነቅሎ ማውጣትና መልሶ ማስገባት ግድ የሆነበት ቤት ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁም ሣጥን አይመቸውም። የሳሎንን አደራደር መለወጥ በሌላ አገር የትርፍ ጊዜ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በወባማ ቆላ ግን የጤና ባለሙያ በር ሲያንኳኳ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ። ያገለገለ ዕቃ ሁሉ በዝምድናና በዝውውር የመጣ አይደለም፤ ብዙው የመጣው በመከራ ነው። በ1965 እና 66 የወሎ ረሃብ ሰው ከብቱን ከሸጠ በኋላ የቤት ዕቃውን ሸጧል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ችግሩ እህል ከምድር መጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ የደሴ ገበያ ዋጋ ያን ያህል ሳይንር ሰው የመግዣ አቅም አጥቶ አለቀ፣ ጥቂት እህልም እንዲያውም ከወሎ በመኪና ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ደግሞ ይኸው ይፋትን የሚያቋርጠው መንገድ ነው። እህል ለመግዛት የተሸጠ አልጋ በርካሽ የገባበት ቤት ሊያፍርበት እንደሚገባ አልክድም። ባለፉት ዓመታትም አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ብዙ ቤት በትውልድ የተጠራቀመውን ዕቃ ባንድ ሰሞን አጥቷል። ያን ቤት እንደገና የሞላው በአብዛኛው አዲስ ዕቃ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ ያገለገለ ዕቃ የማኅበራዊ ትስስር ምልክት ብቻ ነው ካልን እንዋሻለን። ነገር ግን ተቃውሞው ክርክሬን አይንደውም፣ እንዲያውም ሌላ ጎኑን ያሳያል። ዕቃ በክፉ ቀን እህል ሊሆን የቻለው ሁለተኛ ገዢ ስላለው ነው። ሁለተኛ ገዢ የሌለው ዕቃ ባለቤቱን በክፉ ቀን አይደርስለትም፤ ጠፍር አልጋ ወይም የዋንዛ ጠረጴዛ ያለው ቤት ቢያንስ አንድ የሚሸጥ ነገር ነበረው።

ከዐረብ አገር ተመላሹ ያመጣው ለውጥ በአጭሩ መወሳት አለበት። ከይፋትና ከወሎ ወደ ሳዑዲ የሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ከእነሱ ጋር አረቢያን መጅሊስ የሚባለው ወለል ላይ የሚዘረጋ ፍራሽና ትራስ በየከተማው ተስፋፋ። ብዙዎች ባዕድ ፋሽን ይሉታል። እኔ ግን ለይፋት ቤት ከሶፋው ይልቅ ቅርብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ግድግዳ ይዞ ይዘረጋል፣ መሐሉን ለማዕድና ለቡና ይለቅቃል፣ ማታ ይተኙበታል፤ ጨርቁ ይታጠባል፣ ስፖንጁ ይለወጣል። ሰፊውን ሳሎን በሦስት ግዙፍ ሶፋ ዘግቶ እንግዳ በጎኑ እንዲያልፍ ከማድረግ ይህ ይሻላል።

የዛሬውን ገዢ የሚመለከተው ዋናው ነገር ግን እንጨቱ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ዛፎቹ አልቀው ነበርና። ውጤቱ ግን ደህና እንጨት አዲስ ዕቃ ውስጥ ብርቅ መሆኑ ነው። ቦታውን የያዘው ችፑድና ኤምዲኤፍ ነው፤ የእንጨት ብናኝ በማጣበቂያ ተጨምቆ፣ ላዩ እንጨት በሚመስል ወረቀት ተለብጦ የሚሸጥ። ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ርካሽም ነው፤ ለአንድ ቤትና ለአንድ ባለቤት እስከሆነ ድረስ የሚነቀፍ አይደለም፣ አዲስ ተጋቢዎች ቢገዙት አልፈርድባቸውም። ችግሩ የሚመጣው ቤት ሲቀየር ነው። ብሎኑ አንዴ ከተፈታ በያዘበት ቀዳዳ ተመልሶ አይነክስም፤ ወለል ሲወለወል ውሃ ያገኘው እግር ያብጣል፤ ያበጠ ችፑድ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ ይፈረፈራል እንጂ አይስተካከልም። አናጢም አይነካውም፣ ምን ይጠግናል?

በዚህ የተነሣ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ ዕድሜ በተቃራኒው ይቆጠራል። የሠላሳና የአርባ ዓመት የዋንዛ ጠረጴዛ ቫርኒሹ ተልጦ፣ ላዩ ተፍቆ፣ አንድ እግር ተቀይሮለት እንደገና ማዕድ ይቀርብበታል፤ የአምስት ዓመቱ ባለ ችፑድ ቡፌ ግን ቆራሌው እንኳ ብርጭቆውንና ማጠፊያውን ብቻ አይቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ከሶፋም ቢሆን የሚገዛው አጥንቱ ነው፤ ጨርቁና ስፖንጁ በየትኛውም ሶፋ ሠሪ ቤት በሁለት ቀን ይለወጣል። ሰፊ ሳሎን ለማደስ የተነሣ ሰው ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ገልብጦ ሆዱን ቢያይ፣ በጥፍሩ ጫር አድርጎ እንጨት መሆኑን ቢያጣራ፣ መገጣጠሚያው በፍልፍል ነው ወይስ በብሎን የሚለውን ቢመለከት፣ ስለ ቀለሙ መጨነቅ የለበትም። ሁሉም ባንድ ቀለም ይሁን የሚለው ምኞት ከካታሎግ የመጣ ነው፤ ጠፍር አልጋና መሶብ፣ ገበቴና በርጩማ ባንድ ክፍል ሲኖሩ ቀለማቸው ገጥሞ አያውቅም፣ ቤቱም የተዘበራረቀ ነው ያለው የለም። ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬ በብዛት ከሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ለሸዋ ሮቢት ያገለገለ ዕቃ ገበያ የሚተርፈው ስንቱ ነው የሚለውን ግን የመንገድ ዳር አናጢዎች ከወዲሁ ያውቁታል፤ አሮጌ የዋንዛ በርና የአልጋ እግር እየገዙ የሚያከማቹት ለዚሁ ነው።